የተኛ ሰው ፈቃድ

የተኛ ሰው ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም? ቸኩላችሁ አትመልሱ፤ እኔ ቸኩዬ ነው ጉድ የሆንኩት። አንድ የሕግ አዋቂ ይህን ቢጠየቅ መነጽሩን ይጠርጋል፣ መጽሐፍ ይገልጣል፣ ነገ ተመለሱ ይላል። እኔ ግን ጅቡቲ ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ፣ አሁኑኑ መልስ ተብዬ ነበር። ያውም በሁለት ቋንቋ።

ጅቡቲ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው ካርቲየ 6 በሚሉት ሰፈር ነው፣ የምሠራው ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ። ከመርከብ የወረደ ዕቃ ወደ አገራችን እንዲገባ ወረቀት እጽፋለሁ፣ ማኅተም አስመታለሁ፣ የተመታውን ማኅተም ደበዘዘ ሲሉኝ እንደገና አስመታለሁ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ወገቤ እምቢ ሲል ነው ወደ ወረቀት የገባሁት። መንጃ ፈቃዴ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ጊዜውም አላለፈም። በዚህ በኩል የምታገኙብኝ ወንጀል የለም። ግን ምክር ልስጣችሁ፦ «የድሮ ሹፌር ነኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሻይ ጋብዙት እንጂ ቁልፍ አታስጨብጡት።

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ቁጥር ነው። የጋሽ ደምሴን የጭነት ወረቀት ስሞላ የኮንቴይነሩ ቁጥር ውስጥ ስድስቷን ዘጠኝ አደረግኋት። ወረቀቱ ተመለሰ። ቁጥሯን ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ማበላሸቱ የፈጀው ግን የዓይን ጥቅሻ ያህል ነበር። ጋሽ ደምሴ እነዚያን ሁለት ቀናት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የከባድ መኪናዎች ወረፋ ላይ አሳለፈ። ጊዜው ሐምሌ ነው፤ ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ አሸዋውን እያነሳ ፊት ላይ የሚበትንበት ወቅት።

ጋሽ ደምሴ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ረጋ ያለ፣ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ ሹፌር ነው። ስልክ ደውዬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስነግረው «ይሁን እንግዲህ፣ ሰው ነህ» አለኝ። እሷ ቃል ናት የገደለችኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ስድብ ተቀብሎ መሄድ ነው፤ ይቅርታ ግን ዕዳ ሆኖ ይከተላል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የተስተካከለውን ወረቀት ይዤ፣ ለካሳ ደግሞ በረዶ የሆነ ውሃና አንድ እጅ ሙዝ አንጠልጥዬ ወረፋው ጋ ደረስኩ። እግሬ ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ነው። በሐምሌ ጅቡቲ ውስጥ ጫማ የሚያደርግ ወይ ሚኒስትር ነው ወይ ሙሽራ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ብዙ ሳንቆይ ወደ ክስ መዝገብ ይገባል።

ስለ ወረፋው ሕግ ደግሞ ልንገራችሁ። ሰልፉ ቀንም ሌሊትም ይንቀሳቀሳል፤ አንዴ ሦስት ሜትር፣ አንዴ ሃያ ሜትር፣ አንዳንዴ ስድስት ሰዓት ሙሉ ምንም። ሰው ደግሞ መተኛት አለበት። ስለዚህ ወረፋ ላይ ያለ መኪና ቁልፉ አይነቀልም። ሹፌሩ ከተኛ ሰልፉ ሲሄድ ከኋላ ያለው ወርዶ መኪናውን ያስጠጋለታል፤ ከኋላ ያለው ከተኛ የእሱን ደግሞ ከእሱ ኋላ ያለው። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያመሰግንም። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ሳይጻፍ ግን ስንት ሺህ ቶን ስንዴና ማዳበሪያ ወደ አገር አስገብቷል።

ጋሽ ደምሴን ያገኘሁት ጋቢናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው ኋላ ባለችው አልጋ ላይ ተኝቶ ነው። አፉ ተከፍቷል፣ አንድ እግሩ በመስኮት ወጥቷል። ከጎን ያሉት ሹፌሮች እንደነገሩኝ ሁለቱንም ሌሊት ዓይኑን አልከደነም፤ ከወደብ ይጠሩኛል እያለ ስልኩን እንደያዘ ነው ያደረው። የሚጠብቀው የእኔን ስልክ ነበር። ልቀሰቅሰው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ።

በዚህ መሀል ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ፊት ያለው መኪና ሄደና ድንኳን የሚያስተክል ክፍት ቦታ ተወ። ከኋላ ክላክስ መጣ። ከኋላ ያለው ሹፌር ወርዶ ሊያስጠጋ ሲል እኔን መሪው አጠገብ ቆሜ አየኝ፤ ሰው አለ ብሎ ተወው። አያችሁ፣ ወረፋው ሰው ብሎ ቆጠረኝ። የድሮው ደሜ ተነሳ። መሪው ላይ ተቀመጥኩና ለሥርዓቱ ያህል ዞር ብዬ «ጋሼ፣ ላስጠጋት?» አልኩት በሹክሹክታ። «እምም» አለ። ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ አለ ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ።

እኔ የነዳኋቸው መኪናዎች ላይ ማርሽ የሚገባው በሁለት እጅና በጸሎት ነበር። ይህቺ ግን ሌላ ዓይነት ናት፤ ጣት ሲነካት ትሄዳለች። ሦስት ሜትር ያህል በክብር ሄድኩ። በአራተኛው ሜትር ላይ አንድ አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ከየት መጣ ሳይባል ክፍቱ ቦታ ውስጥ ገባና ቆመ። ፍሬን ልረግጥ እግሬን ሳነሳ እግሬ ተነሳ፤ ነጠላ ጫማዬ ግን ነዳጁ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። የሆነው ሆነ። የታክሲው የኋላ መብራት ረገፈ፣ የዕቃ መጫኛው ክዳን ወደ ሰማይ ተነሳ። ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ተገላበጠና ዓይኑን ሳይገልጥ «ደረስን?» አለ።

«አዎ ጋሼ፣ ደርሰናል» አልኩት።

የታክሲው ሹፌር ዑመር ይባላል። አጭር፣ ደልደል ያለ፣ በሱማሊኛ ጀምሮ በፈረንሳይኛ የሚጨርስ፣ በመሀል ሲናደድ ዐረብኛ የሚጨምር ሰው ነው። በሦስቱም ቋንቋ ስለ እኔ የሚያስበውን ነገረኝ። ሲደክመው ኢንሹራንስ ጠየቀ። ጋሽ ደምሴ ዓይኑን እያሻሸ የፕላስቲክ አቃፊውን አወጣና ቢጫ ካርዱን ሰጠው፤ ከአገር ወጥቶ ለሚሄድ መኪና የሚሰጠው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። ዑመር ገልብጦ አየው። ጊዜው አላለፈም፣ ታርጋው ልክ ነው። ሁላችንም ተነፈስን። ከዚያ ዑመር አቃፊው ውስጥ ያለውን፣ የመኪናዋ ባለንብረት የሰጡትን ደብዳቤ አየና የሹፌሩን ስም አነበበ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ከኋላዬ እያዛጋ የወረደውን ሽማግሌ።

እዚህ ላይ ነው የሕግ ትምህርት ቤት የተከፈተው። አሥር የሚሆኑ ሹፌሮች ከበቡን። አንዱ፣ ሹፌሩ ውስጡ ተኝቶ ሳለ መኪናው ቢነዳ እሱ ራሱ እንደነዳ ይቆጠራል አለ። ሌላው፣ ያ የሚሆነው ሰውዬው ቢነቃ ነው፣ የተኛ ሰው ጭነት ነው ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው ዝምታ እንደ መስማማት ይቆጠራል ሲል አራተኛው ማንኮራፋት ዝምታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ደምሴ ስለ ራሱ እንቅልፍ የሚባለውን ሁሉ እንደ እንግዳ ቆሞ ይሰማ ነበር። በኋላ ዑመር ይህን ሁሉ ለፖሊስ ንገሩ ብሎ ቆረጠ። መኪናዋን እዚያው ወረፋዋ ላይ ትተን በራሱ በተገጨው ታክሲ ወደ ጣቢያ ሄድን። ክዳኑ መንገዱን ሁሉ እያጨበጨበልን ነው የደረስነው።

ተረኛው መኮንን ቀጭን፣ ሽበት የጀመረው፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚያኖር ሰው ነው። ዑመርን ሰማ፣ ወረቀቶቹን ዘረጋ፣ ከዚያ ሕጉን በፈረንሳይኛ አስረዳኝ። ኢንሹራንሱ የሚሠራው መኪናውን የያዘው ሰው ፈቃድ ያለው ከሆነ ነው። ሹፌሩ ፈቅዶልኝ ከነበረ ኢንሹራንሱ የዑመርን ታክሲ ያሠራል። ካልፈቀደልኝ ግን ያለ ኢንሹራንስ የሰው መኪና የነዳሁ እኔ ነኝ፤ ያለ ፈቃድ የሰው መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ ሌላ ስም አለው። ስሙን አልነገረኝም፤ በእስክሪብቶው ወደ ጋቦዴ አቅጣጫ ብቻ አሳየኝ። ጋቦዴ ትልቅ ሰፈር ነው፣ የሥራ ባልደረባዬም እዚያ ይኖራል፤ መኮንኑ ግን የሚያመለክተው የባልደረባዬን ቤት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ወህኒ ቤቱም እዚያው ነው።

ለጋሽ ደምሴ በጆሮው ነገርኩት። «ታዲያ ፈቅጃለሁ በል ጋሼ፣ ሁላችንም እንገላገል» አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ስለ ውሉ ነገረኝ። ባለንብረቷ እትዬ አስካለ አዳማ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚህች አንዲት መኪና አራት ልጆች ያሳደጉ ሴት። ውሉ ላይ አንድ መስመር አለ፦ መሪውን ለሌላ ሰው የሰጠ ሹፌር ያን ቀን ሥራው ያበቃል። ከጋሽ ደምሴ በፊት የነበረው ሹፌር የወጣው በዚህች መስመር ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። አዎ ካለ እሱ በስድሳ ዓመቱ ሥራ ፈላጊ ይሆናል። አይ ካለ እኔ ጋቦዴ እገባለሁ። በመሀል ያለ መልስ የለም፤ «እምም» የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ አልነበረም።

መኮንኑ ሽማግሌው ፈረንሳይኛ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። አይችልም አልኩ። የሚያስተረጉም ሰው አለ ወይ ሲል እጄ ራሱ ተነሳ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በዓለም ላይ ስንት ተከሳሽ አለ፤ በራሱ ላይ የሚሰጠውን ምስክርነት ተቀምጦ የሚተረጉም ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ተመቸኝ ማለት እችላለሁ። ዑመር በፈረንሳይኛ «ይህ ሰው መኪና አይደለም አህያም ሊሰጠው አይገባም» ሲል ለጋሽ ደምሴ «በሆነው ነገር አዝኗል» ብዬ ተረጎምኩ። ጋሽ ደምሴ «ታክሲው እዚያ ምን ሊሠራ ገባ? ወረፋ አያውቅም እንዴ?» ሲል ለመኮንኑ «ለታክሲው ሹፌር አክብሮት አለው» አልኩ። ሰላም አወረድኩ። ዑመር ይህን ያህል የሚያከብረው ሽማግሌ በማግኘቱ ትንሽ ለስለስ አለ። መኮንኑ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፣ አልፎ አልፎ ብቻ ጢሙን ያሻሻል። ሙያዬን ስቼ ኖሯል ብዬ እስከማሰብ ደርሼ ነበር።

ከዚያ ዋናዋ ጥያቄ መጣች። «ጠይቀው። መኪናውን እንድትነዳ ፈቅዶልህ ነበር?»

ጠየቅሁት። ጋሽ ደምሴ እጆቹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ለእሱ ቀላሉ መልስ እውነቱ ነበር። ተኝቼ ነበር፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም። እሷን ብቻ ቢል ማንም አይፈርድበትም፣ እኔም ጭምር።

«ፈቅጄለታለሁ በለው» አለ።

«ጋሼ፣ ሥራህስ?»

«አንተ ልጅ፣ የተጠየቅኸውን ተርጉም። ፈቅጄለታለሁ በለው።»

እኔ ደፋር አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ከውሻ ሸሽቼ የሰው ሠርግ ውስጥ ገብቼ የበላሁ ሰው ነኝ። ግን ያን ጊዜ ዕዳዬን ቆጠርኩ። በእኔ ስድስትና ዘጠኝ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው፣ አሁን ደግሞ በእኔ ነጠላ ጫማ እንጀራውን ሊያጣ ነው። ወደ መኮንኑ ዞርኩና በጥሩ ፈረንሳይኛ «አልፈቀድኩለትም፣ ተኝቼ ነበር ይላል» አልኩ። ልክ ስጨርስ የበሩን ርቀት በዓይኔ ለካሁ፤ ጀግንነት ቶሎ ያልቅብኛል።

መኮንኑ አልጻፈም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እና በጠራ አማርኛ፣ ያውም በድሬዳዋ ልጅ አነጋገር፣ «አቦ፣ ሽማግሌው እንደሱ አላለም» አለኝ።

ምድር ብትከፈት ሳላመነታ እገባ ነበር። ድሬዳዋ ነው ያደገው፤ አያቱ ቤት፣ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ። አህያዋንም አክብሮቱንም ሁሉንም ሰምቷል። ለምን ታዲያ አስተርጓሚ ጠየቅህ ብሎ መጠየቅ አማረኝ፣ ግን ለመጠየቅ የሚሆን ፊት አልነበረኝም። ገብቶት ኖሮ ራሱ መለሰልኝ። ሰው ምን እንደሚል መስማት ሥራው ነው፤ ሰው ምን እንደሚያስተረጉም መስማት ግን ይወዳል። ደግሞ በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ወደ ሌላው ሲገፋ ነው የኖረው፤ ዛሬ ለአንድ ግጭት ሁለት ጥፋተኛ መጥቶበታል፣ ቅጹ ግን ቦታ ያለው ለአንድ ነው። ስለዚህ ባለንብረቷ ይጠየቁ አለ። እኔን በጣቱ እየጠቆመ «አንተ አፍህን አትክፈት» ብሎ ጨመረ።

እትዬ አስካለ በሁለተኛው ጥሪ አነሱ። መኮንኑ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገና ከሥር ከመሠረቱ ነገራቸው፤ ነጠላ ጫማዋ እንኳ አልቀረችም። ጋሽ ደምሴ ፈቅጃለሁ እንዳለም ነገራቸው። የጋሽ ደምሴን ፊት ሳየው ላቡ በጉንጩ ይወርድ ነበር። «እማማ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ይህን ነው» አለ መኮንኑ። «ከግጭቱ በፊት ከደምሴ ሌላ ሰው መሪውን እንዲነካ እርስዎ ፈቅደው ነበር? አዎ ካሉ ኢንሹራንሱ ይሠራል። አይ ካሉ ይህ ሰውዬ እኔ ጋ ይቀራል፤ ደምሴን ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ።»

ከአዳማ የባጃጅ ድምፅ መጣ።

«ደምሴ አለ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አለሁ እትዬ።»

«ስንት ሌሊት ነው ያልተኛኸው?»

«ሁለት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ያደርጉልኛል እትዬ፣ ከዚያ ሆነው ወረፋ አያስጠጉልኝ።»

ከዚያ «ጻፍ ልጄ፣ ፈቅጃለሁ» አሉ።

መኮንኑ እስክሪብቶውን አነሳና መቼ እንደፈቀዱ ጠየቃቸው፤ ቅጹ ቀን ይፈልጋል፣ ቀኑም ከግጭቱ መቅደም አለበት።

«ቁልፉን ለደምሴ የሰጠሁት ቀን ነዋ» አሉ። «ባሌ በዚያ መንገድ ሃያ ዓመት ተመላልሷል። ወረፋ ላይ ሰው ብቻውን እንደማያልፍ እኔ አላውቅም መሰለህ? ውሉን የጻፍኩት ለመንገድ ነው፣ ለወረፋ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አሥራ ሁለት ብለህ ጻፍ።»

መኮንኑ ጻፈ። በጅቡቲ ፖሊስ መዝገብ መሠረት እንግዲህ ያችን መሪ እንድነካ የተፈቀደልኝ እኔ ጅቡቲ ከመግባቴ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ዑመር ሴትዮዋ ምን እንዳሉ ጠየቀ። መኮንኑ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተና «ተርጉምለት፤ እየሰማሁ ነው» አለኝ። ቁልፉን የሰጡ ቀን እንደፈቀዱ፣ ወረፋ ላይ ሰው ብቻውን እንደማያልፍ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር አንድ ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። ዑመር ሰምቶ፣ የተጎዳው መብራትና ክዳን ብቻ ነው፣ ኢንሹራንሱ ከሠራ ነገር የለኝም ብሎ ፈረመ። ቀትር ደርሷል፣ በየቀኑ ከአገራችን የሚመጣው ጫት ሊገባ ነው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ አቁሞ የሚከራከር የጅቡቲ ሰው የለም።

እኔም ፈረምኩ። ጋሽ ደምሴ እንዲፈርም ዞር ስል አግዳሚው ላይ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተኝቷል። ሥራው መትረፉን እስኪሰማ ብቻ ነበር የጠበቀው። ልነካው ስል መኮንኑ ተወው በሚል ምልክት እጁን አነሳ፤ የእሱን ቅጽ ወደ ጎን አስቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ለመሆኑ መኪናዋ አሁን የት ናት?»

«ወረፋዋ ላይ።»

«ሰልፉ ሲሄድ ማን ያስጠጋታል?»

«ከኋላ ያለው ሹፌር።»

«ስሙ ማን ነው?»

«እኔ እንጃ» አልኩት።

መኮንኑ ጋሽ ደምሴን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ከዚያ መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«እኔም አልጠየቅሁህም» አለ።